ዋጋው ከዜሮ በታች የወረደበት ምሽት፦ የአንድ የነዳጅ ውል የጉዳይ ጥናት

## ይህ ጉዳይ ለምን ተመረጠ

ስለ አክሲዮንና ስለ ደሪቫቲቭ (ዋጋው ከሌላ ዕቃ ወይም ሀብት ዋጋ የሚመነጭ ውል) ግብይት መማር የሚፈልጉ ወጣቶች አዘውትረው ይጠይቁኛል። አብዛኛው ጥያቄ ስለ ዋጋ ነው። ይወጣል ወይስ ይወርዳል? ቻርቱ እንዴት ይነበባል? መቼ ልግባ፣ መቼ ልውጣ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ከእነሱ በፊት መመለስ ያለበት ግን ሌላ ነው። የምገዛው ውል ምን ይላል?

ይህን ጥያቄ መዝለል ምን እንደሚያስከፍል የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ጉዳይ አለ። ቀኑ ሰኞ፣ እ.ኤ.አ. አፕሪል 20 ቀን 2020 ነው። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 12 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ማግስት። በዚያ ዕለት በኒው ዮርክ የሸቀጦች ገበያ የአንድ በርሜል የአሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ ከዜሮ በታች 37 ዶላር ከ63 ሳንቲም ሆኖ ተዘጋ። ውሉን የያዘ ሰው ከእጁ ለማውጣት በየበርሜሉ ይህን ያህል ከራሱ ኪስ መክፈል ነበረበት።

ገንዘባቸው በዚህ ውል ላይ ከተንጠለጠለባቸው ሰዎች መካከል በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ተራ የቻይና ባንክ ደንበኞች ነበሩ። የነዳጅ ነጋዴዎች አልነበሩም። ቦቴም ዴፖም የላቸውም። የብዙዎቹ መሣሪያ የእጅ ስልካቸው ነበር። የግለሰብ ስም አላነሳም፤ ባንኩና ተቆጣጣሪዎቹ ግን በይፋ የሚታወቁ ስለሆኑ በስማቸው እጠራቸዋለሁ።

## ሰዎቹ የገዙት ምን ነበር?

ባንክ ኦፍ ቻይና እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ "ዩዋንዮ ባኦ" የሚባል አገልግሎት ለግለሰብ ደንበኞቹ ከፈተ። አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ደንበኛው ከአንድ በርሜል ጀምሮ መግዛት ይችላል። ዋጋው የውጭውን ገበያ ይከተላል፤ ወይ ደብሊው-ቲ-አይ የሚባለውን የአሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅ፣ ወይ ብሬንት የሚባለውን የሰሜን ባሕር ነዳጅ። ይወጣል ብሎ ያሰበ ይገዛል። ይወርዳል ብሎ ያሰበ ቀድሞ ይሸጣል። ባንኩ መሃል ላይ ይቆምና የደንበኞቹን ድምር ይዞ በውጭ ገበያ ተመሳሳይ ውል በመያዝ ራሱን ከኪሳራ ይሸፍናል።

አንድ ነገር ልብ ይባል። በዚህ አገልግሎት ውስጥ ብድር አልነበረም። አንድ በርሜል 20 ዶላር ከሆነ ደንበኛው ሙሉውን 20 ዶላር ያስይዛል። በደሪቫቲቭ ግብይት ብዙ ሰው የሚከስረው በሌቨሬጅ፣ ማለትም ትንሽ አስይዞ ትልቅ ነገር በመያዝ ነው። እዚህ ያ ስለሌለ ደንበኛው በልቡ "በጣም ቢከፋ ያስቀመጥኩትን አጣለሁ፣ ከዚያ አያልፍም" ቢል አይፈረድበትም። አክሲዮን ለገዛ ሰው ይህ ሐሳብ ትክክል ነው። ኩባንያው ቢከስር አክሲዮኑ ዜሮ ይገባል፤ ባለአክሲዮኑ ግን ከዚያ በላይ አይጠየቅም። የዚህ አገልግሎት ዋጋ ለሚከተለው ለፊውቸርስ (የወደፊት ርክክብ) ውል ግን ሐሳቡ ስህተት ነው። የጉዳዩ እምብርት እዚህ ጋ ነው ያለው።

ጊዜውም ሰዎችን ይጋብዝ ነበር። በጃንዋሪ 2020 ከ60 ዶላር በላይ የነበረው የአሜሪካ ነዳጅ በማርች መጨረሻ ወደ 20 ዶላር ወርዷል። ኮቪድ አውሮፕላኑንም መኪናውንም አቁሟል። ሳውዲ አረቢያና ሩሲያ ደግሞ በማርች ወር ምርት በመቀነስ ጉዳይ ሳይስማሙ ቀርተው የዋጋ ጦርነት ውስጥ ገቡ። በአፕሪል አጋማሽ ታረቁና ከሜይ ጀምሮ በቀን 9.7 ሚሊዮን በርሜል ለመቀነስ ተስማሙ፤ ግን የዓለም ፍላጎት የወረደው ከዚያ በጣም በሚበልጥ መጠን ነበር። ከሩቅ ለሚያይ ሰው የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው። ነዳጅ ረክሷል፤ አንድ ቀን ይወደዳል። "ከዚህ በታች ደግሞ የት ይወርዳል?" ብሎ ብዙ ሰው ገባ።

## ስልኩ ላይ የማይታየው ውል

ፊውቸርስ ማለት ወደፊት በተወሰነ ጊዜ፣ በተወሰነ ቦታ፣ የተወሰነ መጠን ዕቃ ለመረካከብ ዛሬ ዋጋ የሚቆረጥበት ውል ነው። በአዲስ አበባው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሚሸጠው ቡና ወይም ሰሊጥ ቀድሞ የቀረበና ደረጃ የወጣለት፣ በእጅ ያለ ምርት ነው። በፊውቸርስ ግን ሻጩ ሲሸጥ ዕቃው በእጁ ላይኖር ይችላል። ገዢውም ዕቃውን ላይፈልገው ይችላል። አብዛኛው ሰው ውሉ ከማለቁ በፊት በተቃራኒ ግብይት ይወጣል፤ የገዛ ይሸጣል፣ የሸጠ ይገዛል። ልዩነቱ በገንዘብ ይወራረዳል።

የአሜሪካው የነዳጅ ውል ዝርዝር እንዲህ ነው። አንዱ ውል 1,000 በርሜል ነው። ርክክቡ የሚፈጸመው በኦክላሆማ ግዛት ኩሺንግ በምትባል አነስተኛ ከተማ ነው። ኩሺንግ ወደብ የላትም። ያላት የቧንቧ መስመሮች መጋጠሚያና ሜዳውን የሞሉ የነዳጅ ታንከሮች ናቸው። ለየወሩ የተለየ ውል አለ። የሜይ ወር ውል የመጨረሻው የግብይት ቀን አፕሪል 21 ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ውሉን በእጁ ይዞ የተገኘ ሰው በሜይ ወር ኩሺንግ ላይ ነዳጁን መረከብ አለበት። ቦታ መያዝ፣ በቧንቧ ማስተላለፍ፣ ኪራይ መክፈል የእሱ ሥራ ይሆናል።

እዚህ ላይ ዋጋ ለምን ከዜሮ በታች ሊወርድ እንደሚችል ግልጽ ይሆናል። ማከማቻ ለሌለው ሰው 1,000 በርሜል ድፍድፍ ሸክም ነው። መሬት ላይ አይደፋም። በኩሺንግ ወደ 76 ሚሊዮን በርሜል የሚይዝ የማከማቻ አቅም ነበር። በአፕሪል አጋማሽ አብዛኛው ተሞልቶ ነበር። ባዶ የነበረውም ቢሆን በብዛት ቀድሞ ተከራይቷል። ስለዚህ በግብይቱ መጨረሻ ውሉን ይዞ የቀረ ሰው ለሚረከብለት ሁሉ መክፈል ይገደዳል።

በተጨማሪ የፊውቸርስ ሒሳብ በየቀኑ ይሠራል። ገበያው በቀኑ መጨረሻ አንድ የመዝጊያ ዋጋ ያወጣል፤ ሴትልመንት ይባላል። የዚህ ውል መዝጊያ የሚሰላው በኒው ዮርክ ሰዓት ከቀኑ 8:28 እስከ 8:30 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 2:28 እስከ 2:30) በተደረጉ ግብይቶች አማካይ ነው። ሁለት ደቂቃ ብቻ። በዚያ ዋጋ መሠረት የከሰረው ይከፍላል፣ ያተረፈው ይቀበላል፤ መሃል ላይ ቆሞ የሚሰበስበውና የሚያከፋፍለው ክሊሪንግ ሃውስ የሚባለው አጣሪ ድርጅት ነው። አንድ ነጋዴ ደግሞ ዋጋው ገና ሳይታወቅ "በዛሬው መዝጊያ ዋጋ እሸጣለሁ" ብሎ ቀድሞ መስማማት ይችላል። ይህ ሕጋዊና የተለመደ አሠራር ነው። ቀኑ ጤነኛ ሲሆን ምቹ ነው። ቀኑ ሲበላሽ ግን ዋጋውን ሳታውቀው ፈርመሃል ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ አልነበረም ሊባል አይችልም። ገበያውን የሚያስተዳድረው ሲኤምኢ በአፕሪል 8 እና በአፕሪል 15 ባወጣቸው ማሳሰቢያዎች ሥርዓቱ ከዜሮ በታች ያለ ዋጋን ማስተናገድ እንደሚችል አሳውቆ ነበር። ማሳሰቢያው የተጻፈው ለባለሙያዎች ነው። ከስልኩ በርሜል የሚገዛ ሰው አያየውም። ሊያይለት የሚገባው መሃል ላይ ያለው ተቋም ነበር።

## ሰኞ ዕለት የሆነው

ዓርብ አፕሪል 17 የሜይ ውል በ18.27 ዶላር ተዘግቶ ነበር። ከ100,000 በላይ ውሎች አሁንም በሰዎች እጅ ነበሩ። ለማለቅ ሁለት የግብይት ቀን ለቀረው ውል ይህ ብዙ ነው።

ሰኞ ጠዋት ዋጋው ቀስ እያለ ይወርድ ጀመር። በቤጂንግ ሰዓት ከምሽቱ አራት ሰዓት፣ በአዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ አንድ በርሜል 11 ዶላር ገደማ ነበር። ከባድ ኪሳራ ነው፣ ግን ሰው የሚገባው ዓይነት ኪሳራ ነው። በዚህ ሰዓት የባንኩ አገልግሎት ተዘጋ። ባንኩ ለዚህ ውል በራሱ በወሰነው የመጨረሻ ቀን፣ ማለትም በዚያ ሰኞ፣ ግብይት የሚቆመው በዚያ ሰዓት እንደሆነ ደንቡ ይላል። ደንበኛው ከዚህ በኋላ መሸጥ አይችልም። ሒሳቡ ግን አልተዘጋም። የሚዘጋው በኒው ዮርኩ የመዝጊያ ዋጋ ነው፤ እሱ ደግሞ ገና አራት ሰዓት ተኩል ይቀረዋል። ዋጋው እየተንቀሳቀሰ ደንበኛው እጁን ታስሮ የሚጠብቅበት ጊዜ ነበር።

በእነዚያ ሰዓታት ገዢ ጠፋ። ሻጭ ብቻ ቀረ። በአዲስ አበባ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አለፍ እንዳለ ዋጋው ዜሮን ተሻገረ። ከዚያ በኋላ የነበረው ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ቁጥሩ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ አስር ዶላር፣ ሃያ ዶላር፣ ሠላሳ ዶላር ከዜሮ በታች ሄደ። ዝቅተኛው ከዜሮ በታች 40.32 ነበር። መዝጊያው ከዜሮ በታች 37.63 ሆነ። በአንድ ቀን 55.90 ዶላር ወረደ።

በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ የጁን ወር ውል 20.43 ዶላር ነበር። ብሬንት ደግሞ 25 ዶላር ገደማ። ማለትም "ነዳጅ" ከዜሮ በታች አልወረደም። የወረደው በሜይ ወር ኩሺንግ ላይ ነዳጅ የመረከብ ግዴታ ነው። ማግሰኞ ይኸው የሜይ ውል ተመልሶ በ10.01 ዶላር ተዘጋና አለቀ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይናደዳል፤ እኔም ይሰማኛል። አንድ ቀን ቢቆይ ኖሮ ይላል። ውል ግን ቀን አለው።

ኪሳራውን በቁጥር እናስቀምጠው። አንድ ደንበኛ 1,000 በርሜል በ20 ዶላር ገዛ እንበል። 20,000 ዶላር ሙሉ በሙሉ አስይዟል። መዝጊያው ከዜሮ በታች 37.63 ሲሆን መጀመሪያ ያስያዘው 20,000 ይጠፋል። ከዚያ በላይ 37,630 ዶላር ዕዳ ይመጣበታል። ሳይበደር የገዛ ሰው ባለዕዳ ሆነ።

## ባንኩ የወሰዳቸው እርምጃዎች

ማክሰኞ ባንኩ የአሜሪካውን ነዳጅ ግብይት ለአንድ ቀን አቆመ። ዋጋውን ከገበያው ጋር እያጣራ እንደሆነ ተናገረ። ረቡዕ ዋጋው ትክክል መሆኑን አረጋግጦ የደንበኞቹ ሒሳብ ከዜሮ በታች 37.63 እንደሚወራረድ አስታወቀ፤ አዲስ ግዢም አቆመ። ደንበኞች ያስያዙት ገንዘብ መጥፋቱ ሳያንስ ተጨማሪ እንዲከፍሉ ተጠየቁ።

ቁጣው ትልቅ ነበር። ደንበኞቹ ያነሱት ዋና ጥያቄ እንዲህ የሚል ነው። ደንቡ ላይ ያስያዝኩት ገንዘብ ከ20 በመቶ በታች ሲወርድ ባንኩ በራሱ ይሸጥልኛል ይላል፤ ለምን አልሸጠልኝም? የባንኩ መልስ ያ አንቀጽ የሚሠራው ግብይት ክፍት በሆነበት ሰዓት ነው የሚል ነበር። ከምሽቱ አራት በኋላ አይሠራም። በወረቀት ላይ መልሱ ሊቆም ይችላል። ደንበኛው የሚተማመንበት የመጨረሻ መከላከያ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት መዘጋቱን ግን አይለውጠውም።

በሜይ መጀመሪያ ባንኩ አቋሙን አለዘበ። ከዜሮ በታች ያለውን ኪሳራ ራሱ ለመሸከም፣ ለአነስተኛ ደንበኞችም ካስያዙት እስከ 20 በመቶ ለመመለስ ሐሳብ አቀረበ። በዲሴምበር 2020 የቻይና የባንክና የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ ባንኩን 50.5 ሚሊዮን ዩዋን ቀጣ። ከተነሡት ጥፋቶች መካከል የምርት አስተዳደር፣ የአደጋ ቁጥጥርና የሽያጭ አሠራር ጉድለቶች ነበሩበት።

## አሜሪካም ውስጥ ተመሳሳይ ነገር

ችግሩ የቻይና ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። ኢንተራክቲቭ ብሮከርስ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ደላላ ድርጅት ደንበኞችም በዚያ ቀን ተጎድተዋል። እነሱ የያዙት ከዋናው ውል ጋር የተያያዙ፣ በጥሬ ገንዘብ የሚወራረዱ ውሎች ነበር። ችግሩ ከኮምፒዩተሩ ጀመረ። የድርጅቱ ሥርዓት ከዜሮ በታች ያለ ዋጋን አያውቅም። ደንበኛው ስክሪኑን ሲያይ ዋጋው አንድ ሳንቲም ላይ ቆሟል። ከዜሮ በታች በሆነ ዋጋ የሽያጭ ትዕዛዝ ሲያስገባ ሥርዓቱ አይቀበለውም። የሚያስፈልገው የማስያዣ ገንዘብ ስሌትም ተዛባ።

አንድ ሳንቲም ላይ የገዛ ሰው ምን እንደሚሆን አስቡት። ትንሹ ውል 500 በርሜል ነው። በአንድ ሳንቲም ሲሰላ ሙሉው ነገር አምስት ዶላር ይመጣል። ርካሽ ይመስላል። መዝጊያው ሲታወቅ ግን በአንዱ ውል ላይ ብቻ 18,820 ዶላር ይጠፋል። አስር ውል የገዛ 188,200 ዶላር። "ከአንድ ሳንቲም በታች አይወርድም" የሚል ሰው አደጋ የሌለበት ዕድል ያገኘ መስሎት ሊያበዛ ይችላል፤ የገዙም ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካው የሸቀጥ ፊውቸርስ ግብይት ኮሚሽን ድርጅቱ 1.75 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት እንዲከፍልና ለደንበኞች 82.57 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ ወሰነ። ይህ ለደንበኞቹ ጥሩ ውጤት ነው።

## የሠራውና ያልሠራው

ቀድሞ መውጣት ሠርቷል። እንደ አይሲቢሲ ያሉ ሌሎች የቻይና ባንኮች ተመሳሳይ አገልግሎት ነበራቸው። እነሱ ግን የደንበኞቻቸውን ውል ወደ ጁን ወር ያዛወሩት ከሳምንት ገደማ በፊት ነው። ዩ.ኤስ.ኦ. የተባለው ትልቁ የአሜሪካ የነዳጅ ፈንድም በዚያ ሰኞ የሜይን ውል አልያዘም ነበር። ገበያው ውስጥ ብዙ ገዢና ሻጭ እያለ ነው የወጡት። የባንክ ኦፍ ቻይና ደንበኞች ደግሞ ሁሉም ለመውጣት በሚጋፋበት በር ላይ እስከ መጨረሻው ቆዩ።

ቀድሞ መውጣት ማለት ግን ያለ ኪሳራ መውጣት አይደለም፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ዓርብ ዕለት የሜይ ውል 18.27፣ የጁን ውል 25.03 ዶላር ነበር። ወደ ጁን የሚያዛውር ሰው በርካሹ ሸጦ በውዱ ይገዛል። በሜይ 100 በርሜል የነበረው በዚያው ገንዘብ በጁን 73 በርሜል ብቻ ይኖረዋል። ነዳጅ ቢወደድ እንኳ ትርፉ የሚሰላው በ73ቱ ላይ ነው። በየወሩ እንዲህ የሚያዛውር ሰው ዋጋ እየጨመረም ሊከስር ይችላል። ደግሞም ማክሰኞ የጁን ውል ራሱ በ40 በመቶ ያህል ወረደ። ስለዚህ ቀደም ብለው የወጡት ከዕዳ ዳኑ እንጂ ከኪሳራ አልዳኑም።

የገበያው መሠረታዊ ማሽን ሠርቷል። በዚያ ሁሉ ትርምስ ውስጥ አጣሪው ድርጅት ገንዘቡን ከከሳሪ ሰብስቦ ለአትራፊ አስረክቧል። ይህ በዜና አይነገርም፤ ግን ባይሠራ ኖሮ ኪሳራው ወደማይመለከታቸው ሰዎች ይዛመት ነበር። ለዚያ የሚከፈለው ዋጋ ደግሞ ጭካኔው ነው። አጣሪው ደላላውን ይጠይቃል፤ ደላላው ደንበኛውን ይጠይቃል። "አላወቅኩም ነበር" የሚል መልስ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ቦታ የለውም።

ኪሳራን ለማቆም ተብሎ የሚቀመጥ ትዕዛዝ፣ ስቶፕ ሎስ የሚባለው፣ አላዳነም። ስቶፕ ሎስ የሚሠራው ገበያው ክፍት ሲሆን፣ ሥርዓቱ ዋጋውን ሲያውቀውና ከወዲያ በኩል ገዢ ሲኖር ነው። በዚያ ምሽት ለአንዱ ደንበኛ የመጀመሪያው ጠፋ፣ ለሌላው ሁለተኛው፣ ለሁሉም ሦስተኛው። በትምህርት ቪዲዮዎች ላይ "ስቶፕ ሎስ ካስቀመጥክ አትፍራ" ሲባል በሰማሁ ቁጥር ይህ ጉዳይ ትዝ ይለኛል።

ሙሉ ገንዘብ ማስያዝም አላዳነም። ይህን ብዙ ሰው ለመቀበል ይቸገራል። ሌቨሬጅ አደገኛ መሆኑ እውነት ነው፤ ሌቨሬጅ አለመኖሩ ግን ግዴታን አያስቀርም። ግዴታው የሚመጣው ከውሉ ነው።

## ለሚማር ሰው ከዚህ የሚወሰደው

እኔ የትምህርቱን ቅደም ተከተል መገልበጥ አለብን ብዬ አምናለሁ። ብዙዎቻችን ቻርት እንማራለን፣ ከዚያ አፕ እናወርዳለን፣ ገንዘብ እናስገባለን፣ ውሉን የምናነበው ችግር ሲመጣ ነው። ደሪቫቲቭ ላይ ይህ መንገድ አይሠራም። መጀመሪያ መለየት ያለበት የያዝነው ነገር መብት ነው ወይስ ግዴታ የሚለው ነው። አክሲዮን መብት ነው። የገዛነው ኦፕሽንም (በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ ምርጫ የሚሰጥ ውል) መብት ነው፤ ባንጠቀምበት የምናጣው የከፈልነውን ብቻ ነው። የሸጥነው ኦፕሽን ግዴታ ነው። ፊውቸርስ በሁለቱም በኩል፣ ለገዢውም ለሻጩም፣ ግዴታ ነው። አንድ ወጣት ይህን ልዩነት በራሱ ቃል ማስረዳት እስኪችል ድረስ በእውነተኛ ገንዘብ ባይገባ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ጊዜን የሚመለከት ነው። የውሉ የመጨረሻ ቀን አንድ ነገር ነው፤ ደላላው ወይም ባንኩ በራሱ ደንብ የሚዘጋበት ሰዓት ሌላ ነገር ነው፤ ሒሳቡ የሚሠራበት ሰዓት ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው። የቻይናዎቹ ደንበኞች የወደቁት በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ባለው ክፍተት ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ ሆኖ በኒው ዮርክ ገበያ ለሚነግድ ሰው ይህ ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ ማታ ላይ ይውላል። አሜሪካ በበጋና በክረምት ሰዓቷን ስለምትቀይርም የእኛ ሰዓት ስሌት በዓመት ሁለት ጊዜ ይዛባል። ሦስቱን ሰዓቶች በአገር ሰዓት ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ትንሽ ነገር ይመስላል። በእኔ እይታ ቻርት ላይ ከሚነበብ ከማንኛውም ኢንዲኬተር (የዋጋ አመልካች) ይበልጣል።

የሚታየው ቁጥር ዋጋ ነው ወይስ የሥርዓቱ ገደብ የሚለውም መጠየቅ አለበት። ስክሪን ላይ የቆመ ቁጥር ገበያው ቆሟል ማለት አይደለም። ዋጋ ሲቆም በሌላ ምንጭ ማጣራት፣ እስኪጣራ ድረስም አለመጨመር ይገባል።

ስለ መሃል ሰው ደግሞ ይህን እላለሁ። ባንኩ ትልቅና የታወቀ ነበር። ደላላው ድርጅትም ትልቅና የታወቀ ነበር። ትልቅነታቸው ገንዘብህን ይዞ የሚጠፋ ሰው እንዳይገጥምህ ይረዳል። የሸጠልህን ምርት በሚገባ ያውቀዋል ማለት ግን አይደለም። "ዋጋው ከዜሮ በታች ቢወርድ ምን ይሆናል?" "በራሳችሁ የምትሸጡልኝ በስንት ሰዓት ነው? ከዚያ ሰዓት ውጭስ?" ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ መብት ነው። መልስ መስጠት ያልቻለ ድርጅት መልሱን ነግሮሃል።

አገራችንም በዚህ መንገድ ላይ እግሯን አንስታለች። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራውን በይፋ ጀምሯል። ብዙ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አክሲዮን በገበያ ላይ መግዛትና መሸጥ እየተማረ ነው። መብትና ግዴታን የመለየት ትምህርት አሁን፣ ነገሩ ገና ቀላል ሳለ፣ ቢጀመር ጥሩ ነው።

## ለመለማመጃ፦ የቡና ውል

ለጀማሪዎች ይህን ጉዳይ ካስረዳሁ በኋላ የምሰጠው የቤት ሥራ ስለ ነዳጅ አይደለም። ስለ ቡና ነው። የኢትዮጵያ ቡና ላኪዎች ዋጋ ሲደራደሩ የኒው ዮርኩን የአረቢካ ፊውቸርስ ዋጋ ያያሉ። "ሲ" ይሉታል። ስለዚህ ባንነግድበትም ይነካናል።

አንዱ ውል 37,500 ፓውንድ ቡና ነው፤ 17 ቶን ገደማ። ዋጋው በአንድ ፓውንድ አንድ ሳንቲም ሲንቀሳቀስ በአንዱ ውል ላይ 375 ዶላር ይመጣል ወይም ይሄዳል። ውሎቹ በዓመት አምስት ናቸው፦ ማርች፣ ሜይ፣ ጁላይ፣ ሴፕቴምበርና ዲሴምበር። ርክክብ አለው፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ፈቃድ ባላቸው መጋዘኖች።

ተማሪው የሚጠየቀው እንዲህ ነው። ዛሬ "የቡና ዋጋ" ብለህ ያነበብከው የየትኛው ወር ውል ነው? ከቀጣዩ ወር ጋር ያለው ልዩነት ስንት ነው? የገዛ ሰው የርክክብ ማስታወቂያ ሊደርሰው የሚችለው ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው? ያ ቀን ከመጨረሻው የግብይት ቀን ይቀድማል፤ ስንት ቀን? የምትጠቀምበት ደላላ ደንበኞቹን በግድ የሚያስወጣው ከዚያ በፊት ነው በኋላ? በአዲስ አበባ ሰዓት ስንት ነው?

የመጀመሪያዎቹ አራቱ መልሶች በገበያው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ደላላውን መጠየቅ ያስፈልጋል።